የላይኛው ችካል

መጋረጃው መሃል ላይ አይገጥምም። ጣት የምታህል ክፍተት አለችው፣ በእሷ በኩል የቀትር ፀሐይ ትገባና ደረቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ታሰምራለች፣ ሲገላበጥ ትከተለዋለች፣ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ጀርባው ላይ ወጣች። ዓይኑን ጨፈነ። ጨፍኖም የተራራውን ስንጥቅ ያየዋል። ማለዳ ሜትሩን ዘርግቶ ያነበበው ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ይመላለሳል፣ ትናንት ማታ ከነበረው ሦስት ጣት ያህል የሰፋ፣ ሦስት ጣት፣ በአንድ ሌሊት፣ ተራራ በአንድ ሌሊት ሦስት ጣት አይሄድም፣ ቢሄድም እንደ እሱ ላለ ሰው አይታይም፣ ለተማሪ የሚታየው የመጽሐፍ ተራራ ነው፣ ቀስት የተሠራበት፣ ከሥሩ የሚተኛ ሰው የሌለበት። ተኛ፣ ይላል ለራሱ። ነገሩ አልቋል። ተናግረሃል፣ አለቃህ ሰምቷል፣ ተኛ። ከጎረቤት ክፍል የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ያንኮራፋል። ይህ ሰው ምን ሠርቶ ነው እንዲህ የሚተኛው? ይቀናበታል፣ ቀንቶም ያፍራል።

ሥራው ቀላል ነው ተብሎ ነው የተሰጠው። መንገድ ሠሪዎቹ ተራራውን ከጎኑ ቆርጠው እንደ ግድግዳ አቁመውታል፣ ከግድግዳው አናት በላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ አንድ ስንጥቅ ተገኘ፣ ወዲያና ወዲህ የብረት ችካሎች ተተከሉበት፣ ላይኛው ከተራራው በኩል፣ ታችኛው ከገደሉ በኩል፣ እንዲህ ያለ ሁለት ጥንድ። እሱ ጠዋት ፀሐይ ብረቱን ሳታሞቀው አንዴ፣ ማታ ፀሐይ ስትለቀው አንዴ እየወጣ በችካሎቹ መሃል ያለውን ርቀት ለክቶ በሬዲዮ ለአለቃው ይነግራል። ርቀቱ ያው ከሆነ ተራራው ቆሟል። ከሰፋ ተራራው እየሄደ ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን ቀን ይተኛበት ብለው ሰጥተውታል፣ ሌሊት ተነስቶ ስለሚወጣ። የመሬት ሳይንስ ተማሪ ነው፣ የመጨረሻ ዓመት፣ ለተግባር ልምምድ የመጣ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ስሙ «ተማሪው» ነው።

ዋናው ጂኦሎጂስት፣ አለቃው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት ቁጥሩን ሲሰማ ሬዲዮው ተንጫጫ፣ ከዚያ ችካሉን የነካው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። አጠያየቁ ለስላሳ ነበር። የነካው ነገር ቢኖር ሁሉም ሰው ደስ እንደሚለው ድምፁ ይናገራል፣ ዛሬ የመንገዱ ባለቤቶች ሊጎበኙ ይመጣሉ፣ ማሽኑ ሁሉ ታጥቦ ተሰልፏል። እሱ ደግሞ የነካው ነገር እንዳለ ያውቃል። ትናንት ማታ ለክቶ ሊወርድ ሲል ዝናብ ያዘው፣ መጠለያ የለም፣ የላስቲክ ሸራውን አንድ ጫፍ ከችካሉ ጋር አስሮ ከሥሩ ተቀመጠ። የመለኪያ ችካል ላይ ሸራ ማሰር! አንደኛ ዓመት ተማሪ አያደርገውም። «ሸራ አስሬበት ነበር» አለ። አለቃው ትንፋሹን ሲለቅ በሬዲዮ ተሰማ። «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» አለው፣ ከቁጣ ይልቅ ምስጋና የሚመስል ነገር ነበረበት። በቃ። ሥራው ቀጠለ። ሁለተኛው ጥንድስ ብሎ አልጠየቀውም። ስላልጠየቀው አልነገረውም። ሁለተኛው ጥንድ የፀጉር ያህል ሰፍቷል። የፀጉር ያህል ምንም አይደለም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፣ ሜትሩን አጥብቆ መሳብና ማላላት ነው፣ እጁ ደግሞ ያን ጊዜ ተንቀጥቅጧል፣ የተንቀጠቀጠው የመጀመሪያውን ቁጥር ስላየ ነው፣ ወይስ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ነው የለካው? አያስታውስም። እንዴት አያስታውስም?

ብቻውን ሲያስበው ሁሉም ነገር አንዱ በሌላው ላይ ቆሞ ነው የሚታየው። በሰው አገር የመኖሪያ ፈቃዱ በትምህርቱ ላይ ቆሟል፣ ትምህርቱ በልምምዱ ላይ፣ ልምምዱ አለቃው በሚጽፍለት ደብዳቤ ላይ፣ ደብዳቤው ደግሞ በአንድ ሰው ጥሩ ስሜት ላይ። ከታች ያለው ከተነካ ላይ ያለው እንዳለ ይወርዳል፣ ይህን ከመጽሐፍ ነው የተማረው፣ ስለ ተራራ ነበር ያኔ። እዚህ ለመድረስ ያልከፈተው በር የለም። ልምድ የሌለው አንቀጥርም ይሉታል፣ ልምዱን ከየት ላምጣ ሲል ሥራ ስትይዝ ታገኘዋለህ ይሉታል፣ ይህን የሚሉት ሰዎች ሲናገሩ አይስቁም። አማካሪ መምህሩ እንግዲያው ከታች ጀምር አሉት፣ ቤተ ሙከራ ገብተህ ድንጋይ እጠብ፣ የትልልቆቹን ተማሪዎች ሻንጣ ተሸክመህ ሜዳ ውጣ፣ ጉባኤ ሲኖር ፊት ወንበር ተቀመጥ፣ የመጣውን ሰው ጨብጥ፣ ስምህን ተናገር፣ አትፈር። አጠበ። ተሸከመ። ፊት ወንበር ተቀመጠ። የጨበጣቸው እጆች ሁሉ ለስላሳ ነበሩ፣ የእሱን ሲነኩ ሰዎቹ መዳፉን ዝቅ ብለው ያዩታል። ኩባንያዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ተማሪ የሚመለምሉበት አዳራሽ ገብቶ ኪሱ እስኪሞላ እስክሪብቶ ተሰጥቶት ወጣ። ሌሊት ሌሊት ማመልከቻ ይልካል፣ ገና ላፕቶፑን ሳይዘጋ መልስ ይመጣል፣ እናዝናለን ይላል፣ ሰው እንኳ አላዘነም፣ ማሽን ነው ያዘነው። ይህ ልምምድ ሲገኝ በስልክ ቃለ መጠይቅ አደረጉለት፣ ከድንጋይ ጋር ከመቼ ጀምሮ ትተዋወቃለህ አሉት፣ ከሰባት ዓመቴ አለ፣ ሳቁ፣ ቀልድ መሰላቸው፣ ያ ሳቅ ይመስለዋል ያስቀጠረው።

ቀልድ አልነበረም። አባታቸው ከሞተ በኋላ እህቱና እሱ መንገድ ዳር ጠጠር ይፈልጡ ነበር። ጭነት መኪና ድንጋዩን ገልብጦ ይሄዳል፣ እነሱ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ጠጠር ያደርጉታል፣ ቤት የሚሠራ ሰው ይገዛል። እህቱ ትልቁን ትሰብራለች፣ እሱ ትንሹን። ፀሐይ እንደዚህች ነበረች፣ በመጋረጃው እንደምትገባው፣ ጀርባ የምትለበልብና የማትለቅ። አንድ ቀን ፍንጣሪ የእህቱን ግራ ዓይን መታው። አልጮኸችም፣ መዶሻውን አስቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፣ እሱ የምትስቅ መስሎት ነበር፣ እሱም ሳቀ። በዚያ ዓይን ከዚያ ወዲህ የምታየው ጭጋግ ነው። በሌላው ዓይኗ እሱን አስተማረች። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን ልታጠና ነው ስትለው ድንጋይ አላት፣ «ወይ ጉድ፣ ያ ሁሉ አልበቃህም?» ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። ውጭ ሄደ ሲባል ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የእሷን ደጅ አጣበበው። አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች። እታለም፣ ይላታል። በላህ ወይ ትለዋለች፣ አፈር ስሆን ብላ፣ ድምፅህ ከስቷል። ሥራው ምንድን ነው ብለው ይጠይቁኛል፣ ምን ልበላቸው? ተራራ እጠብቃለሁ በያቸው አላት። ተራራ ምን ይሆናል ብለህ ነው የምትጠብቀው፣ ይሸሻል? ሳቁ። ያ ያለፈው እሑድ ነው። አሁን ቢደውሉላትስ? የሥራ ቦታ ሰው በማታውቀው ቋንቋ ወንድምሽ ሞተ ብሎ ቢደውልላት፣ ወይም እሱ ተባርሮ ዕቃውን ሸክፎ ደጇ ቢቆም፣ የትኛው ይሻላል? አንሶላውን ረግጦ ወረወረው።

ከታች ደግሞ ቦቴ አለ። የውሃ ቦቴ ነጂው ነው፣ አቧራ እንዳይነሳ መንገዱን ሲያጠጣ የሚውለው፣ የአገሩ ሰው፣ በዚህ ሁሉ ሠራተኛ መሃል ቋንቋውን የሚናገር ብቸኛ ሰው፣ ሽበታም፣ ሆዱ ከመሪው የሚፋተግ። ስሙን ማንም አይጠራውም፣ ቦቴ ነው የሚሉት፣ ተማሪው ግን ጋሼ ይለዋል። የመጀመሪያ ቀን ሄልሜቱን አስተካክሎ አሰረለትና «ይኼ ራስ ብዙ ሰው የደከመበት ነው፣ አትጣለው» አለው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ዶክተር፣ አንዳንዴ ሚኒስትሩ እያለ ይቀልድበታል፣ ማታ ከቀረበለት ራት ያካፍለዋል፣ ስለ ልጆቹ ያወራለታል፣ ሁለተኛዋ እንዳንተ ጭንቅላት አላት ይላል። ምሳውን ከበላ በኋላ ደግሞ መኪናውን ወስዶ ከተቆረጠው ተራራ ሥር ያቆማል፣ ከቀትር በኋላ በዚያ ሁሉ ሜዳ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን አውልቆ ይተኛል። አይፈሩም ወይ ጋሼ ብሎት ያውቃል። «ምን እፈራለሁ? የኛ ልጅ ላይ ሆኖ እያየልኝ።» ይህን ሲል ቀልድ አልነበረበትም።

ብድግ ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። አሁን ምሳ እየበሉ ነው። ቦቴ ጣቶቹን ይልሳል፣ አንድ ነገር ተናግሮ ያስቃቸዋል፣ ከዚያ ይነሳል። ሸራው ነው፣ አለ ልጁ። በል እንግዲህ ሸራው ይሁን። ሸራው ምን አደረገ? ነፋስ ነበረ፣ ሸራው ተነፋ፣ ችካሉን ሳበው። ወዴት? ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልጠየቀ ያኔ ገባው። ወዴት ሳበው? ተነስቶ አንሶላውን አነሳ፣ አንዱን ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር አሰረው፣ ሌላውን በጭንቅላቱ ላይ አልፎ በሁለት እጁ ያዘና መሬት ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ። ሰው ቢያየው አብዷል ይላል። እንዲህ ነበር የተቀመጠው። ወይስ ዞሮ ነበር? ዝናቡ ከየት ነበር የሚመጣው? ፊቱ ላይ ወይስ ማጅራቱ ላይ? አንሶላው ሥር ሆኖ ያስታውሳል፣ ያስታውሳል ሳይሆን እዚያው ነው፣ ሣሩ መቀመጫውን ያረጥበዋል፣ ላስቲኩ ጆሮው ላይ ይንጣጣል፣ ከታች ከመንገዱ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቦቴ ነው፣ ወደ ካምፕ ሲመለስ የመኪናውን መብራት እያበራና እያጠፋ ሰላም ይለዋል፣ መብራቱ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ዓይኑ ውስጥ። እንግዲያው ፊቱ ወደ ገደሉ ነበር። ጀርባው ወደ ተራራው። ሸራው የታሰረው ከኋላው፣ ከላይኛው ችካል ላይ ነው። አንሶላውን ወደ ፊት ሳበው። የአልጋው እግር ወለሉን እየፋቀ ወደ እሱ መጣ። ላይኛው ችካል ቢሳብ የሚሳበው ወደ ታችኛው ነው። ርቀቱ ይጠባል። ይጠባል እንጂ አይሰፋም። ሸራው ሠርቶ ከሆነ የሠራው ቁጥሩን ለማሳነስ ነው፣ እንግዲያው ተራራው የሄደው ሦስት ጣት አይደለም፣ ከዚያ በላይ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ ዘንቧል፣ ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ አድሯል።

አንሶላው አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ስልኩን አነሳ። አለቃው ስልኩን ዘግቷል፣ ከእንግዶቹ ጋር ነው። ሬዲዮው ማታ እስኪወጣ ድረስ ቢሮ ነው የሚቀመጠው። የኩባንያው ቁጥር ላይ ደወለ፣ የተቀዳ የሴት ድምፅ እንኳን ደህና መጡ አለችው፣ ስለ ደመወዝ ከሆነ አንድን ይጫኑ፣ ስለ ዕቃ አቅርቦት ከሆነ ሁለትን፣ ተራራ እየወረደ ከሆነ የሚጫኑት የላትም፣ ዜሮን ተጫነ፣ ሙዚቃ ለቀቀችለት። ዘጋና ቦቴ ጋ ደወለ። ይጠራል። ይጠራል። ሲተኛ ድምፁን ያጠፋዋል። እንደገና። ይጠራል። ወጥቶ እየሮጠ እንደሆነ ያወቀው ጠጠሩ የእግሩን ጣቶች ሲበላው ነው፣ በነጠላ ጫማ ነው የወጣው፣ በሩን ይቆልፈው አይቆልፈው አያውቅም። ከካምፑ ተራራው እስከተቆረጠበት፣ እስከ ቆረጣው ድረስ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እየሮጠ ስህተት ቢሆንስ ይላል። እየሮጠ ዞር ብለህ ተመለስ፣ ማንም አላየህም ይላል። አንድ ገልባጭ አቧራ አልብሶት አለፈ። ደረቱ ይነዳል። ከእህቱ ጋር ጠጠር ይፈልጡ የነበረበት መንገድ ላይ የሚሮጥ መስሎታል፣ መኪና እየመጣ ነው፣ ተነሽ እታለም፣ ተነሽ፣ አትሰማውም፣ መዶሻው ድምፁን ነጥቆታል።

ቆረጣው መግቢያ ላይ ባንዲራ የምትይዝ ሴት አለች፣ መኪና የምታስቆምና የምታሳልፍ፣ ሬዲዮ ከትከሻዋ የማይለይ። ሁሉንም አስወጪ አላት። ማን አዘዘ ብላ ጠየቀችው። ደንብ ነው፣ ያዘዘው ሰው ሳይታወቅ ሥራ አይቆምም። «አለቃው» ቢላት በደቂቃ ታደርገዋለች፣ ቃሉ አፉ ላይ መጥቶ ነበር። «እኔ» አላት። ከራስ ፀጉሩ እስከ ነጠላ ጫማው አየችው፣ እግሩ ደምቷል። ምን እንዳየችበት አይታወቅም፣ ሬዲዮዋን አንስታ ተናገረች፣ ቀዩን ባንዲራ ከፍ አድርጋ ያዘች። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ሞተራቸውን አጠፉ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ እዚያ ቦታ ሰምቶ አያውቅም። እሱ አልቆመም፣ ወደ ጥላው ሮጠ፣ ከሥሩ ሲገባ ቀዝቃዛ አየር ፊቱን መታው፣ ቀና ብሎ ማየት ፈራ። የቦቴው መስኮት ክፍት ነው፣ ሁለት ካልሲ ያደረጉ እግሮች ወጥተዋል። በጥፊ መታቸው።

«ምነው ልጄ? ሰው ሞተ?»

«ይውጡ ጋሼ። ይውጡ።»

«ጫማዬን ላድርግ።»

«አያድርጉ!»

እጁን ይዞ ጎተተው። ቦቴ በካልሲ እየሮጠ፣ ሆዱን በአንድ እጁ ደግፎ፣ መኪናዬ መኪናዬ እያለ ወጣ። ባንዲራዋ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ወጥተው ተሰብስበዋል፣ የእስካቫተሩ ነጂ፣ የገልባጮቹ፣ ብረት አሳሪዎቹ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተራራው አድርገው እንደ ትርኢት ይጠብቃሉ። ተራራው ቆሟል። ወፍ ያልፍበታል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ መሬት ተቀመጠ፣ አንዱ ሲጋራ ለኮሰ፣ አንዱ ተማሪውን እያየ ለጓደኛው የሆነ ነገር ተናገረና ሁለቱም ሳቁ። ቦቴ በካልሲው ቆሞ አንዴ እግሩን አንዴ ተራራውን ያያል። መኪናዋ በስሜ ነው የተፈረመችው፣ አለ። አንድ ነገር ብትሆን እኔን ነው የሚጠይቁኝ፣ አውጥቻት ልምጣ፣ ቁልፏም እላይዋ ላይ ነው፣ ለአምስት ደቂቃ ምን ይሆናል። መራመድ ጀመረ። ልጁ ክንዱን ያዘ፣ ቦቴ አስለቀቀው፣ ጎልማሳ ሰው እንደ ሕፃን አይያዝም።

«ቁም!» አለ ልጁ። «አንተ ሰውዬ፣ ቁም ብዬሃለሁ!»

ቦቴ ዞሮ አየው። አባቱን በሚያህል ሰው ላይ እንዲህ ሲጮህ የመጀመሪያው ነው። ቦቴ ተመልሶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ፣ ፊቱን አዞረ። ልጁም ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። ጥላው መኪናዋን አልፎ ወደ መንገዱ ዘለቀ። ተራራው እንደቆመ ነው፣ አንድ ጠጠር አልወረደም፣ እሱ ደግሞ ዓይኑን አናቱ ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ና በል፣ ና፣ ትንሽ፣ መኪናዋን የሚሸፍን ያህል፣ እያለ ነው። ምን እያለ እንደሆነ ሲገባው ቀዘቀዘ። ከጠዋት ጀምሮ ሲፈራው የዋለውን ነገር እየለመነው ነው። ማንም እንዳልሰማው ዙሪያውን አየ።

አለቃው እንግዶቹን ሸኝቶ መጣ፣ ጫማው ገና አቧራ አልነካውም። ልጁ ቆመና ነገረው። ሸራው ከላይኛው ችካል ነው የታሰረው፣ ላይኛው ከተሳበ ርቀቱ ይጠባል እንጂ አይሰፋም። አለቃው እጁን አንስቶ በአየር ላይ ችካሎቹን አስቀመጠ፣ አንዱን ወደ አንዱ አመጣ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለተኛው ጥንድስ?»

«የፀጉር ያህል ሰፍቷል።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

አለቃው መነጽሩን ከደረቱ አንስቶ አደረገ፣ ያየው ግን ተራራውን ነው። እኔም አልጠየቅኩህም፣ አለ ቆይቶ፣ ለማን እንዳለው አይታወቅም። የኩባንያው ቀያሽ ከርቀት የሚለካበትን መሣሪያ ይዞ ሸለቆውን ተሻግሮ ከማዶ ተከለ፣ ከዚያ ሆኖ ችካሎቹን እያነጣጠረ እስኪመሽ ለካ፣ ሲመለስ ለአለቃው ብቻ ነበር የተናገረው፣ ሆኖም ሁሉም ሰማ። እየሄደ ነው። ዝግ ብሎ ነው፣ ዛሬ ይውረድ በሚመጣው ወር ማንም አያውቅም፣ ግን እየሄደ ነው። ልጁን ደስታ ነካው፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ከዚያ ሰዎቹን አየ። ማንም አላመሰገነውም። ማንም አልሰደበውም። የምሳ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው። መንገዱ በሌላ በኩል እስኪቀየስ ድረስ ሥራ እንደማይኖር፣ የቀን ሠራተኛና ነጂ በጠዋት እንደሚሰናበት ከእሱ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ቦቴ የሆነ ሰው የሰጠውን ትልቅ ጫማ አጥልቆ አጠገቡ ቆመ። ልጁ ስለ ቅድሙ ጩኸት ይቅርታ ሊጠይቀው አፉን ሲከፍት ቦቴ ቀደመው።

«አሁን አንተን ምን ልበልህ?» አለው። «አዳነኝ ልበል ወይስ ከሥራ አስወጣኝ?»

ሳቀ። ሆዱ ብቻ ነው የሳቀው።

ከዚያ ሁሉ ሰው ሥራ የቀጠለው ተማሪው ነው። የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል አለ አለቃው፣ ከማዶ ሆኖ በቀያሹ መሣሪያ ጠዋትና ማታ የሚለካ፣ ቀኑን ደግሞ የሚያይ፣ ልምድ አይደል የፈለግከው። ልምምዱ በስድስት ወር ተራዘመለት፣ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለው፣ ፈቃዱ ታደሰ፣ ለእህቱ ሲነግራት በስልክ እልል አለች፣ ጎረቤት ጠርታ አብረው እልል አሉ፣ ስምህ ይጠራ የኔ ጌታ አለችው፣ እሱ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያዘ። ከማዶ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ተራራው፣ ከሥሩ ባዶ መንገድ፣ በመንገዱ ጠርዝ ማንም እንዳይጠጋት የተከለከለች የቦቴ መኪና፣ መስኮቷ እንደተከፈተ፣ ከርቀት ስትታይ በሁለት ጣት መሃል ትገባለች። ስለ ሸራው ማንም አላነሳበትም። አለቃው ደብዳቤው ላይ ጠንቃቃ ብሎታል፣ ያችን ቃል ሲያነብ ከኋላው ሰው የቆመ ይመስለዋል። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ልብሱን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ ያድራል፣ ሲነጋ መጀመሪያ የሚያየው ወድቆ እንደሆነ ነው፣ ቆሞ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ራሱን አይጠይቅም።

ቀትር ላይ ስልክ ይደወላል። ቦቴ ነው። ሌላ ከተማ ሄዶ ሥራ እየፈለገ ነው፣ ለነጂ ልምድ ይጠይቃሉ፣ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ ብላቸው የመጨረሻውን መሥሪያ ቤትህን ደብዳቤ አምጣ ይሉኛል ይላል።

«መኪናዬ አለች?»

«አለች ጋሼ።»

«ተራራውስ?»

«አለ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

ከዚያ ወዲያው አይዘጋውም፣ ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ ሰው ሰውን ይጣራል። ዛሬ ግን የሚለው ነበረው።

«ስማ» አለው። «ለልጆቼ ተራራ ሊወርድብኝ ሲል አንድ ልጅ አወጣኝ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ትንሿ በየቀኑ ወረደ ወይ ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ልጁ ቀና ብሎ ተራራውን አየ።

«ከወረደ ማንም ጋ ሳትደውል ለኔ ደውል» አለው ቦቴ። «በሌሊትም ቢሆን።»

«እሺ ጋሼ።»

ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን መሣሪያው ላይ አደረገ። ላይኛው ችካል በክቡ መስታወት ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሣሩ በነፋስ ይተኛና ይነሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እስኪረጋለት ይጠብቃል።